ጉንፋን የያዘው ክርስቲያን
ስለ ትንንሽ ሕመሞች የቀረበ አሳብ



አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሁለቱም የማይሆኑ ነገሮች ናቸው፤ ቂም ጸሎተኛውን ያጋልጣል፣ ሳልም ሌባውን ያጋልጣል። ይህን ምሳሌ በስብከታችን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ቂሙ ስንል ነው፤ ስለ ሳሉ የሚጨነቅ ግን የለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ቂሙን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ስለ ሳሉ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። ሳል የሚያጋልጠው ሌባን ብቻ አይደለምና፤ ክርስቲያንንም ካህንንም ያጋልጣል።

ስለ ታላላቅ መከራዎች ብዙ ተጽፏል። ጻድቁ ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ ከወዳጆቹም ከፈጣሪውም ጋር ተከራክሯል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮም የዓለም የሕሙማን ቀን በየዓመቱ እንዲከበር አድርገዋል። ካህናትም በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ስለ ሥቃይ ምሥጢር ብዙ ሰዓት ተቀምጠን ተምረናል። ነገር ግን አፍንጫው ስለ ተዘጋበት፣ ጉሮሮው ስለ ከረከረው፣ መሀረብ ስላለቀበት ሰው የተጻፈ አንድም የሥነ መለኮት ምዕራፍ አላስታውስም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ጉንፋን የታማሚውን ዓይን ያስለቅሳል፣ ተመልካቹን ግን ያስቃል። በሚያስቅ ነገር ላይ ደግሞ ሊቃውንት ጊዜያቸውን አያጠፉም።

ሆኖም የብዙዎቻችን ሕይወት ቢመረመር የሰማዕትነት ቀን አንድም ላይገኝበት ይችላል፤ የጉንፋን ቀን ግን በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጥያቄው መነሣት አለበት። ትንሽ ሕመም ከእኛ የሚጠይቀው ነገር አለን? ወይስ የነፍስ ጉዳይ የሚጀምረው ሐኪም ፊቱን ሲያጠቁርና ዘመድ ሲሰበሰብ ብቻ ነው?

የታወቀው እንግዳ

ጉንፋንን የማያውቅ ሰው የለም። የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ጉንፋን አንድ በሽታ ሳይሆን ከ200 በላይ በሆኑ የተለያዩ ቫይረሶች የሚመጣ ሕመም ነው። አንዱን ድል ያደረገ ሰውነት ሌላውን ገና አያውቀውም፤ ስለዚህም ከአንዱ መዳን ከሚቀጥለው አያድንም። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚገኘው ራይኖቫይረስ የሚባለው ሲሆን፣ ስሙ አፍንጫ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በእንግሊዝ አገር በሳልዝበሪ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ከአርባ ዓመታት በላይ ጉንፋንን ብቻ የሚያጠና የምርምር ጣቢያ ነበረ። ፈቃደኛ ሰዎች ወደዚያ እየሄዱ ቫይረስ ያለበት ጠብታ በአፍንጫቸው ይጨመርላቸው ነበር። ጣቢያው ብዙ ዕውቀት አስገኝቶ ተዘጋ፤ ጉንፋንን የሚያጠፋ መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥ በራሱ ይለቃል። «ጉንፋን ቢታከሙት በሳምንት፣ ባይታከሙት በሰባት ቀን ይድናል» እየተባለ የሚቀለደውም ስለዚህ ነው።

መድኃኒት ባይገኝለትም ሐኪም ግን አላጣም። በአገራችን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ካስነጠሰ በአካባቢው ያለ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ ትላለች። ሌላው ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ያዝዛል። ሦስተኛዋ ፌጦ ታመጣለች፣ አራተኛው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተህ ጋቢ ተከናንበህ ታጠን ይላል። ስለ ዳማከሴ፣ ስለ ጤና አዳምና ስለ ሎሚ የሚመሰክሩ አይጠፉም። አረቄ በማር የሚያዝዙም አሉ፤ እነዚህኞቹ ታማሚው ብቻውን እንዳይጠጣ በማሰብ አብረውት ይወስዳሉ። ይህን ሁሉ በሦስት ቀን የፈጸመ ሰው ከጉንፋኑ በኋላ ከሕክምናው ለመዳን ሌላ ሦስት ቀን ያስፈልገዋል። ነገር ግን በዚህ አንቀልድ፤ ከምክሩ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ቃል «አስበንሃል» የሚል ነውና።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሐኪሞች አንድ ጐልማሳ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል ይላሉ፤ ሕፃናትንማ ከዚያ በላይ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ሰባት ቀን ብቻ ብንቈጥር፣ ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው 840 ቀን በጉንፋን አሳልፏል ማለት ነው። ይህ ከሁለት ዓመት ይበልጣል። እግዚአብሔር ከሰጠን ዘመን ሁለት ዓመት የሚሆነው እንዲሁ በማጉረምረም እንዲባክን መተው ተገቢ አይመስለኝም።

በጋቢ ውስጥ ያለው ንጉሥ

ጉንፋን የያዘውን ሰው፣ በተለይም ወንድ የሆነውን፣ እስቲ እንመልከተው። ጋቢውን እስከ ጆሮው ድረስ ተከናንቦ አልጋው ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። መስኮት ሲከፈት ነፋስ ገባብኝ ይላል፤ ሲዘጋ ታፈንሁ ይላል። ሻዩ ትኩስ ከሆነ ጉሮሮውን አቃጠለው፣ ከበረደም ማን ያስታውሰኛል ብሎ ይተክዛል። ልጆች በጓሮ ሲሥቁ በእርሱ ላይ የሚሥቁ ይመስለዋል። በሦስተኛው ቀን ማታ ትዝ የሚለው የኖረበት ዘመን ማጠርና የሥራው አለመጠናቀቅ ነው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሽሮ ይሸተውና ሞቱን ረስቶ እንጀራ ጠይቆ ይበላል።

ካህን ከዚህ የተለየ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ አፍንጫዬ ተዘግቶ መቀደስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በተዘጋ አፍንጫ «ም» የሚለው ፊደል «ብ» ይሆናል፣ «ን»ም «ድ» ይሆናል። ስለዚህ ምእመናኑ በአንድ ድምፅ «አሜን» ሲሉ ከመንበረ ታቦቱ አጠገብ የሚሰማው የእኔ ድምፅ «አቤድ» የሚል ነበር። ከፊት የቆሙት ሕፃናት ነጠላ አፋቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ከሐዘን የተነሣ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ታላቅ ሕመም ለሰው ክብር ያጐናጽፈዋል። ጠያቂው በበሩ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጐረቤት ይጸልያል፣ ካህን ይጠራል። ጉንፋን ግን ሥቃዩን እንጂ ክብሩን አይሰጥም። ራስ ይፈልጣል፣ አጥንት ይቈረጥማል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ሰዎች ግን «ጉንፋን ነው» ብለው ያልፋሉ። እንግዲህ ከሕመሙ ይልቅ የሚያመን ይህ ነው። እየተሠቃየን ሳለ ቁም ነገር ሆነን አለመገኘታችን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት (2፥25-27) ስለ አፍሮዲጡ ይነግረናል። ይህ ሰው ለሞት እስኪቀርብ ድረስ ታሞ ነበር። እጅግ የተጨነቀው ግን ስለ ሕመሙ ሳይሆን የአገሩ ክርስቲያኖች መታመሙን ስለ ሰሙ ነበር፤ እነርሱ በእርሱ ምክንያት እንዳያዝኑ ሠጋ። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነን። የሚያስጨንቀን መታመማችንን ሰዎች ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ነው።

ሁለት ስሕተቶች

በትንሽ ሕመም ረገድ ሰው በሁለት ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል። የመጀመሪያው «ይህማ ምንም አይደለም፣ ክርስቲያን ዝም ብሎ ይችላል» የሚል ጭካኔ ነው። ይህ ጥንካሬ ይመስላል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ በታላቁ የሥነ መለኮት ድርሰቱ ስለ ሐዘንና ሕመም መድኃኒት ሲያስተምር አምስት ነገሮችን ይቈጥራል። እነርሱም ደስ የሚያሰኝ ነገር፣ ልቅሶ፣ የወዳጆች ርኅራኄ፣ እውነትን ማሰላሰል፣ በመጨረሻም እንቅልፍና ገላ መታጠብ ናቸው። ያ ታላቅ መምህር እውነትን ከማሰላሰል ቀጥሎ እንቅልፍንና ሙቅ ውኃን ለመጻፍ አላፈረም፤ ሰው ነፍስ ብቻ አለመሆኑን ያውቅ ነበርና። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ድካሙ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ከሁሉ በላይ ጌታችን ወደ ስምዖን ቤት በገባ ጊዜ አማቱ በትኩሳት ተኝታ አገኛት። በከተማው ሕሙማንና አጋንንት ያደሩባቸው ሰዎች ይጠብቁት ነበር፤ እርሱ ግን ትኩሳት ብቻ ነው ብሎ አላለፋትም። እጇን ይዞ አስነሣት (ማር. 1፥29-31)።

ሁለተኛው ስሕተት ራስን የዓለም መካከል ማድረግ ነው። ትንሽ ሕመም ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። ታላቅ ሕመም ሰውን ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚሰብረው ብዙ ጊዜ ያዋርደዋል፤ ትንሹ ግን ለማጉረምረም የሚበቃ ኃይል ይተውለታል። ከዚህ በላይ የተጠቀሰችው ሴት ትኩሳቱ በለቀቃት ጊዜ ያደረገችውን ወንጌላዊው በአጭሩ ጽፎታል፤ ተነሥታ አገለገለቻቸው። እኛስ ትኩሳቱ ከለቀቀን በኋላ ስንት ቀን እንተኛለን?

አንድ የኅዳር ዓርብ

ይህን ጥያቄ የምጽፈው ከመጽሐፍ ሳይሆን ካጋጠመኝ ነገር ተነሥቼ ነው። ነገሩ የሆነው በኅዳር ወር፣ ኅዳር ሲታጠን ከዋለ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ልማድ መታሰቢያው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ለወረደው ወረርሽኝ መሆኑን ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ያ የኅዳር በሽታ የተባለው በዓለም ሁሉ የተስፋፋው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት ድነዋል። እኔን የያዘኝ ግን እንደዚያ ያለ አልነበረም። ተራ ጉንፋን ነበረ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር፤ ሕሙም ከጾም ነፃ መሆኑን የሚናገረውን ሕግ በዚያ ሳምንት እንዳስታወስሁት ያህል ፈጥኜ አስታውሼው አላውቅም። የዶሮ ሾርባው ሲመጣም ስለ ሕጉ ጥበብ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ዓርብ ደረሰ፤ የወሩ መጀመሪያ ዓርብ ነበረ። በዚህ ቀን ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሕሙማን ቅዱስ ቁርባን አደርሳለሁ። ከእነርሱ መካከል ከሦስት ዓመት በላይ ከአልጋ ያልወረዱ አንድ አዛውንት አሉ። በቁምስናው ቤት ምግብ የምታበስልልን እኅት አጥሚት ይዛ ገባችና፦

«አባ፣ ዛሬ እኮ መጀመሪያው ዓርብ ነው። አባባ እየጠበቁዎት ይሆናል» አለችኝ።

«እንዴት አድርጌ ልሄድ እችላለሁ? ሁኔታዬን እያየሽው» አልኋት።

«እርሱስ ልክ ነዎት። ሽማግሌ ሰው ላይ ጉንፋን ይዞ መሄድ ጥሩ አይደለም። እንዳይጠብቁ ብቻ ልንገራቸው» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ልክ ነዎት ስላለችኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ በእጇ የዳማከሴ ቅጠል ይዛ ነበር። «አባባ ናቸው የላኩልዎ። ከአጥራቸው ሥር ያለው ነው፤ የልጅ ልጃቸው ቀጥፋ ሰጠችኝ። ‹ይማርዎ በይልኝ፣ በእጅዎ አሽተው ያሽትቱት በይልኝ፣ ለእኔ አያስቡ› ብለዋል» አለችኝ። ይህን ስትናገር ሁለት ጊዜ አቋርጣ ሳለች። ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋም ተዘግቷል።

«አንቺም ይዞሻል እንዴ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ነው አባ። ምናልባት የእኔው ይሆናል የተጋባብዎ፤ ይቅር ይበሉኝ። እሳቸው ዘንድ ግን አልገባሁም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ በልጅቷ በኩል ነው የተነጋገርነው።»

እኔ የተኛሁት ከረቡዕ ጀምሮ ነው። እርሷ ከሰኞ ጀምሮ ያንኑ ጉንፋን ይዛ ውኃ ቀድታለች፣ እሳት አንድዳለች፣ ዶሮ ሠርታለች፤ እኔም አምስት ቀን ሙሉ ሳሏን አልሰማሁም። የራሴ ሳል ከልክሎኝ ነበር።

አንድ ጋቢ፣ ሁለት ልብ

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እየመላለስሁ አስቤአለሁ። በመቅረቴ ተሳስቼ ነበርን? አልተሳሳትሁም። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ባሳለፍነው ዘመን አንድ ትምህርት ተምረናል። በቤት መቅረት ራሱ ለባልንጀራ የሚደረግ ፍቅር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ቀላል የሆነ ሳል ለደካማ አዛውንት ሞት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ያን ዓርብ ወደ አዛውንቱ አልጋ አለመቅረቤ ትክክል ነበረ። ነገር ግን ትክክለኛ ሥራ በትክክለኛ ልብ መሠራቱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ባልንጀራውን ስለሚወድ ቤቱ የሚቀር ሰውና ራሱን ስለሚወድ ቤቱ የሚቀር ሰው በአንድ ዓይነት ጋቢ ይሸፈናሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም። እኔና ያቺ እኅት ግን አንድ ጉንፋን፣ አንድ ጥንቃቄ፣ አንድ አዛውንት ነበረን። እኔ ጉንፋኔን ምክንያት አድርጌ በሩን ዘጋሁ። እርሷ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ጉንፋኗን ወደ ቤቱ አላስገባችም፤ ሰላምታዋን ግን አስገባች። እኔም ሰው ልልክ እችል ነበር፤ ከካቴኪስቶቻችን አንዱ ሄዶ ወንጌል እንዲያነብላቸው ላደርግ እችል ነበር። ይህ ሁሉ ወደ አሳቤ አልመጣም። በአሳቤ ውስጥ የነበረው አፍንጫዬ ብቻ ነበረ። እንግዲህ ልዩነቱን የሚያሳየው ምልክት ይህ ይመስለኛል። ከፍቅር የተነሣ የሚቀር ሰው የሚቀርበትን ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ከራስ ወዳድነት የተነሣ የሚቀር ሰው ግን መቅረቱ ይበቃዋል።

ሌላም ነገር ተማርሁ። ቫይረሱ ሀብታምና ድኻ አይለይም፤ አልጋው ግን ይለያል። ታምሞ መተኛት ራሱ ለሁሉ ያልተሰጠ ዕድል ነው። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ቢተኛ የዚያ ቀን ጉርሻ ይቀራል። እናት ትኩሳት ይዟት ቆማ ትጋግራለች፤ በብዙ ቤቶች የእናት ጉንፋን የሚታወቀው እንጀራው ሲቃጠል ነው። ለሕፃን ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። በጉንፋን የጀመረ ሕመም ወደ ሳንባ ምች ሊለወጥ ይችላል፤ የሳንባ ምችም በዓለም ዙሪያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው ነው። ካቴኪስቶች ቤት ለቤት ስትዘዋወሩ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ብታዩ፣ ጸሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ እንድታደርሱት አሳስባችኋለሁ። ስለዚህ «ጉንፋን ነው» ከማለታችን በፊት የማን ጉንፋን መሆኑን እንጠይቅ። የራስን ጉንፋን ትንሽ ማለት ትሕትና ነው፤ የሌላውን ጉንፋን ትንሽ ማለት ግን ጭካኔ ሊሆን ይችላል።

ትንሹን ነገር ማሳረግ

አያቶቻችን ትንሽ ሥቃይ ሲያገኛቸው ስለ ኃጢአታችን ይሁን፣ ለሙታን ይሁን እያሉ ለእግዚአብሔር ያሳርጉት ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ በጻፉት «ስፔ ሳልቪ» በተባለው መልእክት ይህን የቀድሞ ልማድ አንሥተዋል። የዕለት ተዕለት ትንንሽ ችግሮችን ማሳረግ አንዳንድ ጊዜ የተጋነነ መልክ ይዞ እንደ ነበረ ሳይሸሽጉ፣ በውስጡ ያለው ቁም ነገር እንዳይጠፋብን አሳስበዋል። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች በክርስቶስ ታላቅ ርኅራኄ ውስጥ ሲገቡ ትርጉም ያገኛሉና።

እ.ኤ.አ. በ1997 የቤተ ክርስቲያን መምህር ተብላ የታወጀችው የሊዝዩዋ ቅድስት ትሬዛ በዚህ መንገድ የተጓዘች ናት። በሃያ አራት ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ከመሞቷ በፊት የጻፈችው የሕይወቷ ታሪክ ስለ ታላላቅ ገድሎች ብዙ አይናገርም። ልብስ ሲያጥቡ ቆሻሻ ውኃ ፊቷ ላይ ስለምትረጭባት እኅት ይናገራል፤ በጸሎት ጊዜ ከኋላዋ ሆና የሚያሰለች ድምፅ ስለምታሰማው እኅትም ይናገራል። ትሬዛ ዘወር ብላ ልትገሥጻት ትችል ነበር። እርሷ ግን ድምፁን እንደ ዜማ አድርጋ ለኢየሱስ አሳረገችው። በቅዳሴ ጊዜ ከኋላችን የሚስል ሰው ያለ እንደ ሆነ ይህን እናስታውስ።

ማሳረግ ግን ከቃል አያልፍም ብንል እናታልላለን። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ራስ ምታት ላንተ አሳርጌአለሁ» ብሎ ወዲያው ሚስቱን የሚቈጣ ሰው ለእግዚአብሔር ያሳረገው ራስ ምታቱን ነው፤ ምሬቱን ለቤተ ሰቡ አከፋፍሏል። እውነተኛ መሥዋዕት የሚታወቀው በዙሪያችን ያሉት ሰዎች ሸክም ሲቀላቸው ነው።

ሸክሙን ከሚያቀሉት ነገሮች አንዱ ሣቅ ነው። ቅዱስ ቶማስ ስለ ጨዋታና ቀልድ ሲጽፍ፣ ፈጽሞ የማይጫወት፣ ሌሎችም ሲጫወቱ የሚከፋው ሰው ለባልንጀሮቹ ሸክም ስለሚሆን ጥፋት እንዳለበት ያስተምራል። በሌላው ሕመም መሣቅ ክፋት ነው። በራስ ጉንፋን መሣቅ ግን ለትሕትና የቀረበ ነገር ነው። አፍንጫው የቀላውን፣ ጋቢ የተከናነበውን፣ በሦስተኛው ቀን ኑዛዜውን የሚያዘጋጀውን ያንን ንጉሥ ከውጭ ሆነን ስናየው፣ የዓለም መካከል አለመሆናችንን ያለ ምሬት እናውቃለን። ይህን በጉንፋን ያልተለማመደ ሰው በታላቁ ሕመም ቀን ከየት ያመጣዋል? በትንሹ የታመነ በብዙ እንደሚታመን ጌታችን አስተምሮናል (ሉቃ. 16፥10)።

ይማርህ

በቋንቋችን ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንላለን፤ እርሱም «ያኑርህ» ይላል። ቃሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። «ማረ» ማለት በደልን ይቅር አለ ማለት ነው፤ የታመመውንም ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ» የምንለው በዚሁ ቃል ነው። አበው ፈውስንና ይቅርታን በአንድ ቃል አስረው አስረከቡን። እኔ በዚያ ሳምንት ሁለቱም ያስፈልገኝ ነበር፤ የጠየቅሁት ግን አንዱን ብቻ ነበር።

ስለዚህ፣ ውድ ካቴኪስቶችና ምእመናን፣ በሚቀጥለው ጉንፋናችሁ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። በመጀመሪያ ተኙ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ፣ ስትስሉ አፋችሁን ሸፍኑ፤ ሰውነታችሁ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። ሁለተኛ፣ አጥሚቱን ያመጣላችሁን ሰው ፊቱን ተመልከቱ፤ ምናልባት እርሱም እየሳለ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከእናንተ ይልቅ ለሚታመም አንድ ሰው፣ ሳትቀርቡት ቢሆንም፣ «እንዴት ነህ» የሚል ቃል ላኩ።

እኔም እንደ ዳንሁ ወደ አዛውንቱ ሄድሁ። ምግብ የምታበስልልንን እኅት አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄአት ነበር፤ እርሷ ግን ምን እንደ በደልኋት ሊገባት አልቻለም። አዛውንቱ ገና በበሩ ስገባ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፦

«አፍንጫዎ እንዴት ሆነልዎ አባ? ዳማከሴው ረዳዎት?» አሉኝ።

ሦስት ዓመት ከአልጋ ያልወረደ ሰው የሳምንት ጉንፋኔን ጠየቀኝ። መልስ አጣሁና ሣቅሁ፤ እርሳቸውም ሣቁ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው «እግዚአብሔር ፈጽሞ ይማርዎ» አሉ።

«አሜን» አልሁ። በዚህ ጊዜ «ም»ውም «ን»ውም በቦታቸው ነበሩ።